ለጠንካራ እግር

ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈ ጋዜጣ ሦስት የፍሬን ማስተሮች ተደርድረዋል። እሷ ከቦርሳዋ ያወጣችውን አሮጌውን በግራ እጇ ይዛ፣ የቀኝ እጇን የቀለበት ጣት ቀዳዳው ውስጥ ከታ ቆማለች። ጣቷ ልክክ ብሎ ገብቷል። ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ የቀረው ዘይት ጥፍሯ ሥር ገብቶ ያቃጥላታል። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ወጣት ሹፌሮች እንደሚጠቃቀሱ ታውቃለች፤ አልዞረችም። የዚህ መንገድ መለዋወጫ ሻጮች ሁሉ «ኢንጅነሯ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለፌዝ ነበር። ባሏ መኪናው ሥር ተኝቶ እሷ እቃ ስታመላልስለት በኖረችባቸው ዓመታት፣ አንዱ ሻጭ የሌላ መኪና ፓምፕ ሊያሸክማት ሞክሮ በሰው ፊት እፍረቱን አከናንባው ከሄደች ወዲህ ግን ፌዙ ቀርቶ ስሙ ብቻ ዘለቀ።

መኪናዋ ፍየሏ ትባላለች። ሌላ መኪና የማይደፍረውን ዳገት ስለምትወጣ ባሏ ነው ስሙን ያወጣላት። አሮጌ የመስክ መኪና ናት፤ ዕድሜዋ ከልጃቸው ይበልጣል፣ ባሏም ከልጃቸው እኩል ይወዳታል ተብሎ ይታማል። ማስተር የሚሉት እቃ ደግሞ ከፔዳሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ የእግርን ጉልበት በዘይት አድርጎ ወደ አራቱም ጎማ የሚልክ፣ ከጭብጥ ብዙም የማይበልጥ ብረት ነው። እግር ጉልበት ካልሰጠው የሚልከው ነገር የለውም። ይህን እሷ ከማንም በላይ ታውቃለች።

«እትዬ፣ ይሄኛው የራስዎ ነው» አለ ሻጩ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ። «ከድሮ እቃ የቀረ አንድ ፍሬ። ካርቶኑ እንኳን አልተነካም። ይሄ መሀለኛው የታደሰ ነው፤ ዘይት የሚይዘው የውስጥ ጎሚኒው ተቀይሯል። ይሠራል፤ እኔ ግን ለእናቴ መኪና አልገጥመውም። እናቴ መኪና የላትም እንጂ።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱን ለማሳየት ያህል ነው ያወጣሁት። ከፍየሏ በኋላ የመጣው ሞዴል ነው። ያኛው እግርን የሚያግዝ ሰርቮ አለው፤ የእርስዎ የላትም። ብሎኑ ግጥም ይላል፣ ቱቦውም ግጥም ይላል፤ ግን ቀዳዳው ሰፊ ነው። ያለ ሰርቮ ከገጠሙት ድንጋይ መርገጥ በሉት። ለጠንካራ እግር ነው እሱ።»

ጣቷን ከአሮጌው አወጣች። የሦስተኛውን የጎማ ቆብ ገልጣ አውራ ጣቷን አፉ ላይ አሳረፈች። ቀዳዳው አውራ ጣቷን ሙሉውን ተቀበለው።

ባለፈው ሳምንት ነው። ባሏ የልጅ ልጃቸውን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ ትምህርት ቤት ያደርሳታል፤ እሷ ገበያ ልትወርድ ኋላ ተቀምጣለች። ቁልቁለቱ አልቆ መንታ መንገዱ ላይ መቆም ሲገባው ፍየሏ ዝም ብላ ሄደች። ሄዳ ሄዳ የፍራፍሬ ሻጩን መደብ አፍርሳ ግንብ ላይ ቆመች። ብርቱካኑ እስከ ታች ሰፈር ተንከባለለ። ሻጩ ውሃ ሊቀዳ ተነስቶ ስለነበር ተረፈ። የልጅቷ ከንፈር ተሰነጠቀና ደሙ ዩኒፎርሟ ላይ ወረደ።

ኋላ የተቀመጠችው ሚስት ግን ሁሉን አይታለች። የባሏ እግር በጊዜው ተነስቶ ፔዳሉ ላይ አርፏል። አርፎ ግን የሌላ ሰው እግር ይመስል ዝም አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ወድቆ ሆስፒታል ከከረመ ወዲህ ቀኝ ጎኑ ሁሉን ነገር ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ሐኪሙ መንዳት ይቅር ብሎት ነበር። ባሏ ግን «እሱ መኪና ያውቃል?» ብሎ ነገሩን በዚያው ዘጋው።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጎረምሳ «ሽማግሌ ምን ያስነዳዋል?» አለ። ያኔ ባሏ ከመሪው ላይ ዞሮ አያት። እንዲያ ያለ ፊት አይታበት አታውቅም፤ ገበያ መሀል እናቱ የጠፋችበት ልጅ ሆኖ ነበር። አንጀቷን በላት። ሳታስበው ቃሉ ከአፏ አመለጠ፦ «ፍሬኑ ነው። ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው!» ኢንጅነሯ ካለች አለች ነውና ሰዉ ብርቱካኑን ወደ መልቀም ዞረ። የባሏም ፊት ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የሚወራው ስለ ፍሬን ብቻ ሆነ። ልጃቸው የሕፃኗን ከንፈር አይታ «ከእንግዲህ አታሳፍራትም» ብላ ተነሳች። ባሏ ለፍየሏ አዲስ ማስተር እንደሚገባላት በልምምጥ ነገራት። አባቷ ሲለማመጥ ማየቱ ከብዷት ነው መሰል ወደ እናቷ ዞራ፣ «እማዬ፣ አንቺ ፍሬኑ ነው ካልሽ እሺ» አለች። እሷም በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። የፍየሏ መካኒክ አሮጌውን ማስተር ፈቶ ለብቻዋ የነገራት በማግስቱ ነበር፦ «ትንሽ ዘይት ያልበዋል እንጂ ያቆማል፣ እትዬ። ያን ለትም ያቆም ነበር።»

እውነቱን ልታወጣው ስንቴ ተነሳች። አፏ ላይ ይደርስና ይመለሳል። አሁን ብትናገር እሱ በልጁ ፊት ውሸታም ሊባል ነው፤ እሷም አብራ። ካልተናገረች ነገ ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ቦርሳዋን አዝላ ደጅ ላይ ትጠብቀዋለች። ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ የሚያይ ሰው፣ ከዚያች ጉዞ በቀር የሚላጭበት ምክንያት የሌለው ሰው፣ በሳምንት አንዴ፣ ዓርብ ዓርብ፣ ተላጭቶ ይነዳታል። ያ መንታ መንገድ ደግሞ እዚያው አለ።

ይህ ሰፊ ቀዳዳ ግን ሌላ መንገድ አሳያት። ፔዳሉ እምቢ ቢለውስ? በመካኒኩ ግቢ ውስጥ እንደቆመች ባሏ ረግጦ ቢያየውና ቢያቅተውስ? «ፍየሏ እኮ አረጀች» ብሎ ራሱ ይተዋታል። ሐኪም ሳይሆን፣ ልጁ ሳትሆን፣ ሚስቱም ሳትሆን። መሸነፉ ካልቀረ በብረት ይሸነፍ።

«ይሄን ጠቅልልልኝ» አለች።

ሻጩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «እትዬ፣ ነገርኩዎት እኮ። ጋሼ ናቸው ያዘዙት?»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

ከኋላዋ ካሉት አንዱ ድምፁን ሳይቀንስ «ኢንጅነሯም ትሳሳታለች ለካ» አለና ሳቁ። በሌላ ቀን ቢሆን መውጫ ታሳጣው ነበር። ዛሬ ዋጥ አድርጋ ጥቅሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ጋራዡ ከዚያ አይርቅም። መካኒኩ መናገር የሚከብደው፣ መፍታት የሚቀለው ሰው ነው፤ ፍየሏን ከባሏና ከእሱ ሌላ እጅ ነክቷት አያውቅም። ጥቅሉን ፈቶ አየው፣ ገለበጠው፣ ቀና ብሎ እሷን አያት።

«ይሄ ሰርቮ ላለው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጋሼ አይረግጡትም እኮ።»

«አውቃለሁ አልኩህ። እዚሁ ቆማ ይሞክራት፤ ሞክሮ ይተዋት። ከግቢህ አትወጣም።»

መካኒኩ እቃውን እንደገና ገለበጠው። ከዚያ መፍቻውን አንስቶ ጎንበስ አለ። ገጥሞ ሲጨርስ አየሩን ከቱቦው ለማስወጣት ፔዳል የሚረግጥለት ሰው ፈለገ፤ ይህ ከድሮም የእሷ ሥራ ነው። ወንበሩ ላይ ወጣች። ከመኪናው ሥር «ይርገጡ» ሲል ረገጠች። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም። ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ በሁለት እግሯ ገፍታ፣ ጥርሷን ነክሳ ስትረግጠው እንደ ምንም ወረደ። «ይልቀቁ።» ለቀቀች። «ይርገጡ።» እያንዳንዷ እርግጫ ወገቧን ትይዛታለች። ይህን ክብደት ለእሱ መርጣ እንደገዛችለት በራሷ እግር ስትረዳው ዓይኗ እንባ ሞላ። መካኒኩ ከሥር ሆኖ፣ ሳያያት፣ «ሱቁ አልተዘጋም። እንመልሰው?» አላት።

«አጥብቀው» አለች።

ባሏ ከሰዓት በኋላ መጣ። ተላጭቷል፤ ኮቱን ለብሷል። ምርኩዙን መካኒኩ እንዳያይበት በሩ ጥግ አስደግፎት እንደገባ ግን እሷ አይታለች። «እስቲ የኔ ፍየል» እያለ ኮፈኗን መታ መታ አደረጋት። መካኒኩ አንድ ድንጋይ አንስቶ የፊት ጎማዋ ሥር ሻጠ። ሽማግሌው መሪውን ይዞ እንደ ምንም ወጣ፣ ተመቻቸ፣ ቀኝ እግሩን በእጁ አንስቶ ፔዳሉ ላይ አሳረፈና ረገጠ።

ምንም የለም። ደግሞ ረገጠ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ፔዳሉ እዚያው ነው። በሁለት እጁ ጉልበቱን ወደ ታች ሲጫን ባየች ጊዜ ፊቷን ልታዞር ፈለገች፤ ግን እሷው ያመጣችው ነውና አየችው።

«የያዘው ነገር አለ?»

«የለም፣ ጋሼ» አለ መካኒኩ።

ወረደ። እግሩን እየጎተተ ዞሮ ኮፈኑን ከፈተና ወደ ውስጥ አጎነበሰ። እሷ ያን ጊዜ ነው ስህተቷ የገባት። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ማታለል ይቻል ይሆናል፤ ይህን ሰው ግን በዚህች መኪና ብረት ማታለል የት ይቻላል?

«ይሄ ሰርቮ ላለው ነው» አለ፣ ከብረቱ ጋር የሚነጋገር ይመስል ቀስ ብሎ። «ማን መረጠው?»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

«እኔ» አለች።

ቀና ብሎ አያት። «ተሳስተሽ ነው?»

በመንታ መንገዱ ቀን የነበረው ፊት ነው። የምትወረውርለትን ሁሉ ሊቀልብ ተዘጋጅቷል። አዎ ተሳሳትኩ ብትል ያምናታል፤ ዛሬውኑ ሱቅ ልኳት ትክክለኛውን ያስመጣል፣ ያስገጥማል፣ ነገ ልጅቷንም ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። አዎ ማለት ቀላል ነበር። ምላሷ ላይ ነበር።

«አልተሳሳትኩም» አለች።

ኮፈኑን እንደያዘ ቆመ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር በቀለላት።

«ያን ለት ፍሬኑ ነው ስትዪ አምኜሽ ነበር እኮ። የረገጥኩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ደሞ አልረገጥኩም ይሆን እንዴ ብዬ ልቤ ቀጥ ሊል ሲል፣ አንቺ ፍሬኑ ነው አልሽ። ተመስገን አልኩ። አንቺ እቃ ታውቂያለሽ።»

ስለ ፍቅር ልትነግረው ፈለገች፣ በሰው ፊት እንዳይዋረድ እንደሆነ፣ ዛሬም ያው እንደሆነ። ሁሉም እውነት ነው። እሱ ኮፈኑን በዝግታ አወረደው። በመኪናዋ ዙሪያ እየተደገፈ ሄዶ፣ በዚያች መኪና ዕድሜ ሙሉ እሷ ስትቀመጥበት የኖረችውን የተሳፋሪ ወንበር በር ከፈተ። ለመውጣት ሁለቴ ሞክሮ ተንሸራተተ። ልትደግፈው አልደፈረችም። በሦስተኛው ወጣና በሩን በላዩ ዘጋ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ተመለከተ።

«ነገ ደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች» አለ በመስኮቱ። «አንቺ ንገሪያት።»

«ምን ልበላት?»

እሱ መስኮቱን አሽከርክሮ ዘጋው። መካኒኩ ሥራ ሲያልቅ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከጎማዋ ሥር አወጣ። ቀና ሲል የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ወደ እሷ አየ፤ እሷ መንዳት አታውቅም። ድንጋዩን መልሶ እቦታው አኖረው።