የእመት ዘነዘና አሟሟት

ፀደንያ ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች በአንዱ ነው የምትሠራው። ደንበኛ ገብቶ የሚፈልገውን ቀለበት በጣቱ አየር ላይ ሲያሳያት፣ እሷ በእርሳስ ወረቀት ላይ ታወርድለታለች፤ አንጥረኛው ደግሞ ከወረቀቱ ወደ ወርቁ ያሻግረዋል። ስምንት ዓመት እንዲህ ሠርታለች። ነገር ግን አሥራ አንድ ሺህ ሰው የሚያውቃት በቀለበት አይደለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ ስትወጣ፣ ሦስት በር አለፍ ብሎ ወዳለው ኬክ ቤት ፎቅ ትወጣለች። እዚያ ጥግ ላይ ካለችው ክብ ጠረጴዛ ሦስት ጓደኞቿ ይጠብቋታል። ጨዋታቸው ወረቀት፣ እርሳስና አፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው ያንን ሰው ሆነው ይጫወታሉ። ተራኪው "ከፊታችሁ ገደል አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። የሚከብድ ነገር ሲሞክሩ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈበት መጫወቻ ጠጠር፣ ይጣላል። ከፍ ያለ ቁጥር ከወጣ ተሳካ፤ አንድ ከወጣ ጉድ ፈላ።

ተራኪው ዓምደሚካኤል ነው፤ በሙያው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ኤሌክትሪሻኑ ቃለጽድቅ ጣቱ የማያርፍ ደብተራ ሆኖ ይጫወታል። ፀደንያ መንገድ መሪ ናት። አራተኛዋ ሀኒፋ ናት፤ አባቷ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፣ እሷም እዚያው ትውላለች።

ሀኒፋ መጀመሪያ የመጣች ዕለት ዓምደሚካኤል፣ "ጀግናሽ ምን ትይዛለች? ሰይፍ ነው ጦር?" ቢላት፣

"ዘነዘና" አለች።

ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

"ሰባ ዓመቷ ነው" አለች፤ "ወገቧን ያማታል፣ ነገር አይረሳትም። ግን ዘነዘናዋን ካነሳች ፊቷ የሚቆም የለም።"

ስሟም በዚያው እመት ዘነዘና ሆኖ ቀረ።

የቅዳሜውን ጨዋታ ፀደንያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አፍንጮ በር ባለው የእናቷ ቤት መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ትስለዋለች። ስምንት ወይም ዐሥር ሥዕል በቀለም እስክሪብቶ ትሠራና በስልኳ አንስታ፣ ንግግሩን እዚያው ስልኩ ላይ ጽፋ፣ ማክሰኞ ማታ በቴሌግራም ትለቀዋለች። መጀመሪያ የሚያዩት አራቱ ብቻ ነበሩ። ከዚያ የቃለጽድቅ የሥራ ባልደረቦች መጡ፣ ከዚያ የማይታወቁ ሰዎች። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሺህ ደረሱ። ግማሾቹ የመጡት ለእመት ዘነዘና ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሴትዮዋ ጅብ በዘነዘና ስታባርር፣ ሽፍታ ተሳድባ ስታስለቅስ፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ "በልተሃል?" ብላ ስትጠይቅ ሰዉ ወደዳት።

በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የጨዋታው መንገደኞች ከተቃጠለ መንደር ያወጧቸውን ሃያ ልጆች ይዘው የገመድ ድልድይ ደረሱ። ከኋላቸው የጅቦች ንጉሥ ከነመንጋው ይመጣል።

"ድልድዩ ሁላችሁንም ባንዴ አይችልም" አለ ዓምደሚካኤል። "ልጆቹ እስኪሻገሩ አንድ ሰው ከወዲህ መቅረት አለበት። ማን ይቀራል?"

ቃለጽድቅ እጁን ሊያነሳ ሲል ሀኒፋ ቀደመችው።

"እኔ እቀራለሁ።"

ዳይሱን ወረወረች። ዐሥራ አራት። ሁለተኛ ወረወረች። ዐሥራ ሁለት። ልጆቹ አንድ በአንድ ተሻገሩ። በስተመጨረሻ እሷ ራሷ ለመሻገር ስትሮጥ ገመዱ መሳሳቱን ዓምደሚካኤል ነገራት፤ ከዐሥር በላይ ማውጣት ነበረባት። ዳይሱ በጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፣ የፀደንያን ማኪያቶ ብርጭቆ መታና ቆመ። አንድ።

ሀኒፋ ቀስ ብላ ከወንበሯ ተነሳች። የጎን ጠረጴዛ ሰዎች ዞረው አዩዋት፤ ግድም አልሰጣት።

"ልጆቹ ሁሉም ተሻግረዋል?" አለች በእመት ዘነዘና ድምፅ።

"ሁሉም" አለ ዓምደሚካኤል።

"እንግዲያው ገመዱ ይበጠስ። ጅቦቹንም ይዤያቸው ልውረድ፤ ብቻዬን መንገድ አልወድም።"

ተቀመጠች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቅ ነበር። ቃለጽድቅ ተነስቶ ትከሻዋን አቀፋት። ያን ቀን ቶሎ አልተለያዩም፤ የእውነት ለቅሶ ላይ እንዳሉ ሁሉ ስለ ሴትዮዋ እያወሩ አመሹ።

ፀደንያ በዚያ ሳምንት የለቀቀችው ገመዱ እስከሚበጠስበት ድረስ ነበር። መውደቋን አላሳየችም። በመሃሉ ያለው ቅዳሜ በዓል ስለነበር ጓደኞቹ አልተገናኙም፤ አንባቢው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲለምናት ከረመ። "ዘነዘናን እንዳትነኪብን።" "እሷ ከሞተች እኔም ከዚህ ወጣሁ።" አንዲት ሴት ደግሞ ሆስፒታል ከተኛች እናቷ ጋር በየማክሰኞው አብረው እንደሚያነቡት፣ እናቷ "አሮጊቷ ትተርፋለች አይደል?" እያለች እንደምትጠይቃት ጻፈች። ፀደንያ ይህቺን መልእክት ደጋግማ አነበበቻት። እሑድ እርሳሷን ስታነሳ እጇ ወደ ሞቱ አልሄድ አለ። ከገደሉ ወገብ ላይ አንድ የዋርካ ቅርንጫፍ ሳለች፤ የእመት ዘነዘናን ነጠላ ቅርንጫፉ ላይ አንጠለጠለችው፤ መንገድ መሪዋ፣ ማለትም ፀደንያ ራሷ፣ ገመድ ወርውራ ስታወጣት አሳየች።

ማክሰኞ ማታ ስልኳ በምስጋና ተጥለቀለቀ። ደስ ብሏት ተኛች።

ረቡዕ ጠዋት የወርቅ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሉልሰገድ፣ የአንጥረኛ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በባንኮኒው ማዶ ጠሯት።

"ፀደንያ፣ ያ ዋርካ ከየት መጣ?"

"የቱ ዋርካ ጋሽዬ?"

"ገደሉ ላይ ያለው። ባለፈው ሳምንት ገደሉን ሙልጭ ያለ ዓለት አድርገሽ ነው የሳልሽው። አንዲት ሣር እንኳ አልነበረበትም።"

"እርስዎም ያነባሉ እንዴ?" አለች ደንግጣ።

"የልጅ ልጄ ነች ያስለመደችኝ" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔ ምን አገባኝ፤ ሴትዮዋ በመትረፏ ደስ ብሎኛል። ግን ያልነበረ ዛፍ ነው" ብለው መነጽራቸውን መልሰው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ቅዳሜ ሀኒፋ ቀረች። ስልክ ቢደውሉላት "ሥራ በዝቶብኛል" አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ሦስቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ኬካቸውን ከበሉ በኋላ ዓምደሚካኤል በረጋ ድምፁ፣

"ፀዲ፣ ከመልቀቅሽ በፊት አሳይተሻት ነበር?" አላት።

"ደስ ይላታል ብዬ ነዋ! የማን ሰው ተርፋ ማን ይከፋዋል?"

"እሷን ጠይቂያት" አለ፤ "እኔ ስለ እሷ አልመልስም።"

ሰኞ በምሳ ሰዓት ፀደንያ ወደ ሱቁ ሄደች። ሀኒፋ ለአንድ ልብስ ሰፊ ቁልፍ እየቆጠረች ነበር። ሰውዬው እስኪወጣ ፀደንያ የክር ጥቅሎቹ ጋ ቆማ ጠበቀች። ሀኒፋ አላኮረፈችም፤ ወንበር አቀረበችላት። ይኸው ነበር ይበልጥ የከበዳት።

"ተቀይመሽኛል" አለች ፀደንያ።

"አልተቀየምኩም። አዝኛለሁ።"

"ሰዉ እኮ ለምኖኝ ነው ሀኒ። ያቺ እናቷ የታመመችባት ልጅ የጻፈችውን አይተሻል?"

"አይቻለሁ። ወላሂ እኔም አልቅሻለሁ።" ሀኒፋ የተረፉትን ቁልፎች ወደ ጣሳቸው መለሰች። "ፀዲ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂ። ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋረጥኩ። የልብስ ዲዛይን ኮርስ ጀመርኩ፣ ሁለት ወር ሲቀረው ተውኩ። መንጃ ፈቃድም እንደዚያው። ቤት ውስጥ 'ሀኒፋ ጀማሪ' ይሉኛል፤ ቀልድ ነው፣ ክፋት የለውም። እመት ዘነዘናን ግን ጨረስኳት። ማን እንደሆነች አውቄ ጀመርኩ፣ መጨረሻዋንም ራሴ መረጥኩ፣ ተነስቼ ቆሜ ዘጋሁት። ያን ማታ በእግሬ ነው ቤቴ የሄድኩት፤ ታክሲ መያዝ ረስቼ። በሕይወቴ እስከ መጨረሻው ያደረስኩት የመጀመሪያው ነገር እሷ ናት።"

ፀደንያ ወለሉ ላይ የወደቀ ቁልፍ አንስታ አቀበለቻት።

"አንቺ ደግሞ" አለች ሀኒፋ፣ "ገመድ ወርውረሽ አወጣሻት። ልጆቹን እሷ አዳነች፣ እሷን ግን አንቺ። የተናገረችውንም ቆረጥሽው።"

እውነቷን ነበር። ያቺን የመጨረሻ ቃል ፀደንያ አንድም ቦታ አልጻፈቻትም፤ የምትተርፍ ሴት ስንብት አያስፈልጋትምና። እሑድ ዕለት ይህን ሁሉ ስታደርግ አንዴም ሀኒፋ ትዝ አላለቻትም ነበር። የአንባቢውን እንባ ስታብስ፣ ራሷን ገመድ ወርዋሪ አድርጋ ስትስል፣ ትንሽ ኩራትም እንደተሰማት አሁን ታወቃት።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች።

"አድርጌያለሁ።"

"ከሆነ አብረን እንሳለው። እንዴት እንደቆመች አንቺ ንገሪኝ።"

ሀኒፋ በሩን አየት አደረገች፤ ደንበኛ የለም። ከባንኮኒው ጀርባ የብረት ሜትሩን አንስታ መሃል ወለሉ ላይ ቆመች። ጉልበቷን ሰበር፣ ወገቧን ያዝ አድርጋ፣ ሜትሩን በግራ እጇ ወደ ላይ አነሳችው።

"ቆይ" አለች ፀደንያ፣ "ግራኝ ናት እንዴ?"

"እኔ ግራኝ አይደለሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ በቀኝ ስታስይዣት ዝም አልኩሽ እንጂ።"

ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ሳምንት በየቀኑ ምሳ ሰዓት ፀደንያ ዳቦ በእንቁላል አስጠቅልላ ትመጣ ነበር። ሀኒፋ በደንበኛና በደንበኛ መካከል ትቆምላታለች፤ ፀደንያ የባንኮኒው ጫፍ ላይ ትስላለች። አባትዬው ሐሙስ ዕለት ገብተው ልጃቸውን በሜትር አየር ስትቀጠቅጥ ቢያገኟት፣ "ምን ሆናችሁ ነው?" ብለው ጠየቁ። "ጅብ ነው አባ" አለቻቸው። "በቀን?" ብለው ወደ ውስጥ አለፉ።

ዐሥራ ሦስት ሥዕል ወጣው። ገደሉ ዓለት ሆነ፤ ዋርካው የለም። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ እመት ዘነዘና ብቻዋን ናት፣ ፊቷ ወደ ጅቦቹ፣ ከበላይዋ ያቺ ቃሏ እንዳለች፣ አንድም ሳይጎድል። መውደቋን የሚያሳየው ሥዕል ላይ ሀኒፋ ብዙ አሰበች፤ በመጨረሻ "ፊቷ አይታይ፤ ነጠላዋ ብቻ ይታይ" አለች፤ እንደዚያው ተሣለ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ማታ ፀደንያ ከሥዕሎቹ በፊት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ባለፈው የለቀቅሁት እውነቱ አልነበረም። ዳይሱ ላይ አንድ ነው የወጣው። እመት ዘነዘናን የፈጠረቻት ጓደኛዬ እንዲህ ነበር የጨረሰቻት፤ እኔ ሳልጠይቃት ለወጥኩት። ይቅርታ።" ከሥር የሀኒፋን ስም ከራሷ ስም በፊት አስቀመጠች።

ብዙ ሰው ተቆጣ። በሁለት ቀን ስድስት መቶ ያህል ሰው ጥሎ ወጣ፤ ከወጡትም አብዛኞቹ ሳይመለሱ ቀሩ። "ተጫወትሽብን" ያሉ ነበሩ። አልካደችም፤ ተጫውታባቸዋለችና። ያቺ እናቷ የታመመችባት ልጅ ግን ወዲያው አልጻፈችም። ፀደንያ ሦስት ቀን ጨንቋት ስልኳን ስታይ ከረመች። ዓርብ ጠዋት መልእክት ገባ፦ "እማዬ ሁለቱንም አየች። የመጀመሪያው ላይ 'ተመስገን' ነበር ያለችው። ሁለተኛውን ደግመሽ አንብቢልኝ አለችኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ከዚያ 'ጎበዝ ሴት' አለችና ተኛች።" ከዚህ ሌላ የተጻፈ አልነበረም። ፀደንያ መልእክቷን ለሀኒፋ አሳለፈችላት።

በማግሥቱ ቅዳሜ ሀኒፋ ወደ ኬክ ቤቱ ፎቅ ስትወጣ ሦስቱም ቀድመዋት ተቀምጠው ነበር። ቃለጽድቅ ወንበሯን ሳበላት። ውጭ የታክሲ ረዳቶች "ሽሮ ሜዳ! ስድስት ኪሎ!" እያሉ ይጣራሉ። ዓምደሚካኤል ባዶ ወረቀት ፊቷ አኖረላት።

"አሁን ደግሞ ማን ነሽ?"

"ገና አላወቅሁም" አለች። "መጀመሪያ ልስማና።"

"ይሁን" አለ ዓምደሚካኤል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎም ጀመረ። "መሽቷል። ሃያዎቹ ልጆች ከገደሉ ማዶ እሳት ዙሪያ ተቀምጠዋል። ትንሿ ልጅ ወደ መንገድ መሪዋ ተጠግታ ቀሚሷን ያዘች። 'አሮጊቷ የት አሉ?' ትላለች። 'ቀድመውን ሄዱ ወይ?'"

ፀደንያ ቀና ብላ ሀኒፋን አየቻት። ሀኒፋ ሹካዋን ኬኩ ላይ አቁማ ትጠብቃለች።

"ልጅቷን እቅፌ ላይ አስቀምጣታለሁ" አለች ፀደንያ። "ሁሉንም እነግራታለሁ። ገመዱን፣ ጅቦቹን፣ ያለችውን።"

"ልጅቷ ብዙ ጥያቄ አላት" አለ ዓምደሚካኤል።

"ትጠይቀኝ።"

ልጅቷ በዓምደሚካኤል አፍ ጠየቀቻት፤ ስለ አሮጊቷ ወገብ ሕመም ሳይቀር። ፀደንያ ያላወቀችውን ሀኒፋ ከጎን ሆና እየነገረቻት፣ አንድ በአንድ መለሰችላት።