ዛሬ ማን ቀረ?

«ለእኔም እናቴ ነበረች» አለ ሽብሩ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ከገጠሩ ከሌሞ ጋሪውን እየነዳ ሲመጣ ዝናብ መንገድ ላይ ደርሶበታል።

ዮዲት ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ አየችው። እናቷ ወይዘሮ ብርነሽ ሐሙስ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ወድቃ ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። ዛሬ ቅዳሜ፣ ሠልስቷ ነው። እነዚህን ሦስት ቀናት ወደ ድንኳኑ የገባ ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው፤ እናቴ ነበረች።

«ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ እኔ በር ላይ ቆሜ አገኘችኝ» ሲል ቀጠለ ሽብሩ። «አታውቀኝም። ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ አይደለም። ‹ማን አላችሁ?› አለችኝ። ‹ማንም› አልኳት። በማግስቱ ሾርባ ይዛ መጣች። እስክንወጣ ድረስ አንድ ቀን አልቀረችም። አንድ ወር ሙሉ።»

ሽብሩ እንባውን በኮፍያው ጠረገ። የዮዲት ዓይን ግን ደረቅ ነበር። አንድ ወር፣ አለች በልቧ።

ለእሷ የደረሳት ሦስት ቀን ነበር። የዛሬ አራት ዓመት በምትኖርበት በዱራሜ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ቅቤና የአጥሚት እህል ተሸክማ መጣች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ከምትኖርበት ከሆሳዕና ከተማ ስልክ ተደወለ። ወለተሥላሴ የሚባሉ ዓይነ ስውር አሮጊት ወድቀው ወገባቸው ተሰብሯል። ብርነሽ ስልኩን ዘግታ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች።

«አንቺ ባል አለሽ፤ አማትሽም እዚሁ ናት» አለቻት። «እሳቸው ማን አላቸው?»

ዮዲት ጡቷ ቆስሎ፣ ትኩሳት ይዟት ነበር። «እሺ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቷ ግንባሯን ስማት ወጣች።

ልጅ ሆናም እንዲሁ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሰላምታ ሲለዋወጥ እናቷ በሩ ላይ ቆማ የሚወጣውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ታያለች። «ዛሬ ማን ቀረ?» ትላለች። ከዚያ ወደ ቀረው ሰው ቤት ነው የምትሄደው፤ ዮዲት ራበኝም አለች ደከመኝ፣ ለውጥ የለም። እናቷ ይህን ነገር ሆን ብላ፣ እንደ ሥራ ይዛው ነበር። ከአራስ ቤቱ በኋላ ዮዲት ሆሳዕና የምትመጣው ለፋሲካ ብቻ ሆነ። ከቅርብ ወራት ወዲህ ደግሞ እናቷ ስትደውል ስልኩን የሚያነሳው ባሏ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች። የእናቷ የማኅበር ጓደኞች የንፍሮ እህል እየለቀሙ በሹክሹክታ ያወራሉ።

«ለእማማ ወለተሥላሴ ማን ነገራቸው?»

«ማንም። ሰምተው ቢሞቱስ?» አለች የማኅበሩ ጸሐፊ መስከረም። «ሄደንስ ምን እንላቸዋለን? ሐዘኑ ይለፍና በእሷ ፈንታ እንድንንከባከባቸው ተራ እናወጣለን።»

ዮዲት ቧንቧውን ዘጋች። «ከሐሙስ ጀምሮ ማንም አልሄደም?»

ሴቶቹ መልቀማቸውን ቀጠሉ።

«ጎረቤት ይኖራል እኮ» አለች መስከረም፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ።

ዮዲት ለአባቷ የተዘጋጀውን የአጥሚት ፔርሙዝና አንድ ኩባያ አነሳች። ለአሮጊቷ አዝና አልነበረም። እናቷን የወሰደችባትን ሴት አንድ ጊዜ በዓይኗ ልታያት፣ መርዶውንም ራሷ ልትነግራት ነው።

«ሐዘንተኛ ከድንኳን ይወጣል እንዴ?» አለች አንዲት ለቀስተኛ።

አባቷ አቶ ወንዳፈረው ፔርሙዙን አየ። «ተያት» አለ።

ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ገና ሳትገባ የሽንት ሽታ ተቀበላት። አሮጊቷ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተኝታለች። አጠገቧ በርጩማ ላይ የደረቀ ቁራሽ ቆጮና ባዶ ጣሳ አለ።

«ብርነሽ?»

ዮዲት ቆመች። ድምፅሽ የእናትሽ ነው ብሎ የማይነግራት ሰው አልነበረም። ሞታለች ልትል አፏን ከፈተች።

«አቤት» አለች።

«ቆየሽ እኮ።»

«ቆየሁ፣ እማማ።»

«ሐሙስ ስትቀሪ ታመመች ብዬ ፈራሁ። አርብም ስትቀሪ ግን ደስ አለኝ። ዱራሜ ሄዳለች አልኩ። ሄድሽ?»

ዮዲት ፔርሙዙን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ልጅሽን ይቅርታ ጠየቅሻት?»

«ስለ ምን?» አለች ዮዲት።

«አሁን ደግሞ ስለ ምን ትያለሽ? እዚህ ተቀምጠሽ ስታለቅሺ አይደል የምትውይው? አራስ ልጄን በትኩሳት ትቼ መጣሁ፤ የቀረውን ሰው ሁሉ ስፈልግ የራሴን ልጅ አጣኋት አላልሽኝም? እኔስ ሂጂ አላልኩሽም?»

ዮዲት የአልጋውን ጠርዝ ያዘች። «አልጠየቅኋትም» አለች።

«ለምን?»

«አልደረስኩም።»

«አሁንም ስልክ አታነሳም?»

«አታነሳም።»

አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «ነገ ተነሺና ሂጂ። እኔ ምንም አልሆንም። ዓይን በዓይን ስታይሽ ትምርሻለች። ልጅ ናት።»

ዮዲት አፏን በነጠላዋ አፈነች። ሦስት ቀን እንቢ ያለው እንባ መጣ፤ ግን ድምፅ ልታወጣ አልቻለችም። አንሶላውን ቀየረች። አሮጊቷን ከወገቧ በታች አጠበቻት። አጥንት ብቻ ነበረች፤ ጀርባዋ መቁሰል ጀምሯል።

«እጅሽ ቀዝቅዟል» አለች አሮጊቷ።

«በርዶኛል።»

«ነገስ፣ ካልሄድሽ ትመጫለሽ?»

ሰኞ ጠዋት ዱራሜ ክፍል ገብታ ማስተማር አለባት። መስከረም ንፍሮው ላይ እንዳቀረቀረች ታየቻት።

«እመጣለሁ» አለች።

አጥሚቱን ወደ ኩባያው ቀዳች። እንፋሎቱ ፊቷን መታት። ደጋግማ እፍ እፍ አለችበት፣ በከንፈሯ ጫፍ ሞከረችው፤ አሁንም ያቃጥላል። እንደገና እፍ አለችበት። ከዚያ የአሮጊቷን አንገት በክንዷ ደግፋ ቀና አደረገቻትና ኩባያውን ወደ አፏ አስጠጋች።