ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ያለው ምሰሶ

ባለወፍጮው ሰው ማመን አይሆንለትም። ሚዛኑን እንኳ ጠዋት ጠዋት በራሱ ድንጋይ ይፈትነዋል። ከሁሉ አብልጦ የማያምነው ግን የልጁን ባል ነው፤ እሱም የመብራት መስመር ሠራተኛ ነው።

«ያ ሰውዬ መስመሩ ጠፍቷል ሲሉት አያምንም» ይላል ለሚሰማው ሁሉ። «ምሰሶ ላይ ወጥቶ ኃይል ሲያገኝ በሚጮኸው በዚያ መሞከሪያ ዘንጉ ካልሞከረ ሽቦ አይነካም። ባልደረቦቹን ያላመነ ልጄን እንዴት ያምናል?» የራሱ ነገር ግን ታይቶት አያውቅም።

ከተማዋ ያረጀውን መስመር ጥላ ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ልትሸጋገር ነው። ተራው ለወፍጮ ቤቱ ሰፈር የደረሰ ዕለት አማቹ በማለዳ መጣ።

«አባባ፣ ዛሬ እስከ ማታ መብራት የለም። ዋናውን ማጥፊያ ያጥፉልኝ፤ መጥቼ እስክነግርዎ እንዳይነኩት።»

«እሺ» አለ ባለወፍጮው። አላጠፋውም። ነገሩ አልጣመውም፤ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ቀድሞ መብራት እንዲያገኝ፣ እሱ በጨለማ እንዲቀመጥ የተዶለተ መሰለው። «እኔን ሊሸውድ!» እያለ፣ የወፍጮ ቤቱን ትራንስፎርመር የተሸከመውን ምሰሶ ከበሩ ላይ ሆኖ ሲሰልል አረፈደ።

እህል የያዘ ሰው ሲበዛበት ጓሮ ያለውን ጄኔሬተር አስነሣ። ልጁ ከወንፊቷ ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ ዋናውን አጥፍተኸዋል?» አለችው።

«ሥራሽን ሥሪ!» አላት። መብራት ወደ ቤት ይገባል እንጂ ከቤት ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ አማቹ ከነመወጣጫ ቀበቶው ሮጦ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጄኔሬተሩን አጠፋና ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ አየው።

«አባባ፣ ማጥፊያውን ስላላጠፉት የእርስዎ ጄኔሬተር ኃይል በትራንስፎርመሩ አልፎ፣ እዚያው ጉልበት ጨምሮ፣ ልንይዘው ወደነበረው ሽቦ ወጥቷል። ዘንጉን ስሰድ ጮኸ።» ወደ ምሰሶው ጠቆመ። «ጓደኞቼ ‹የአማትህ ቤት ነው፣ ምን ይሞከራል?› ብለውኝ ነበር። እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ ልተወው ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

ወንፊቱ ከልጅቷ እጅ ወደቀ። ባለወፍጮው አፈረ። ሄዶ ማጥፊያውን አጠፋ፤ የጄኔሬተሩን ቁልፍ ነቅሎ ለአማቹ ሰጠው። አማቹ ተቀብሎ ወደ ምሰሶው ሲመለስ ተከትሎት ወጣና ክንዱን ያዘው።

«ልጄ» አለው፤ ከሰርጉ ወዲህ እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። «ከመንካትህ በፊት ደግመህ ሞክር። አጥፍቻለሁ ስላልኩህ እንዳታምነኝ።»