ዛጔ የከዳኝ በጾም ነው

እኔ እሱባለው፣ በላሊበላ አሥር ዓመት ያስጎበኘሁ ሰው፣ ፈረንጅ ዓለት ፊት አቁሜ አስለቅሳለሁ። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ የድመት ልጅ ግን አንድ ቀን እንኳ አላመነኝም።

ከመጠለያው ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህ ይመዝገብልኝ። ከከተማው ዳር ሰማኸኝ የሚባል የእንስሳት ሐኪም የተጣሉ ውሾችና ድመቶችን የሚሰበስብበት ቆርቆሮ ግቢ አለው። እንግዳ ጠፍቶ ከተዘጋ አንድ ሆቴል ማድ ቤት ይህን እናቱ የሞተችበትን ድመት አግኝቶ፣ "ሁለት ወር በአደራ አሳድግልኝ፤ ከዚያ ለዘለቄታው የሚወስደው ሰው እንፈልጋለን። አንተ ከፈለግኸው ቅድሚያው ያንተ ነው" አለኝ። እንግዳ ከሌለ እኔም ሥራ የለኝም፤ ተቀበልኩት። ስሙን ዛጔ አልኩት።

ችግሩ፣ ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባ። ባለቤቴ ፀደይ የዱቄት ወተቱን ጣሳ ስታይ በሩን ዘጋችብኝ።

"በሑዳዴ? ይሄ ማድ ቤቴ አይገባም!"

"ለድመቱ እኮ ነው።"

"እኔን የሚያሰጋኝ ድመቱ አይደለም፤ አንተ ነህ።"

ስለዚህ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ በየሦስት ሰዓቱ በስሪንጅ አጠባሁት። ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶች እያዩኝ ያማትባሉ። ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ እያሸሁ ሽንቱን ያሸናሁትም እኔ ነኝ። ይህም ይመዝገብ። ጣሳው ሲያልቅ፣ በጾም ወተት ስጡኝ ብሎ ሱቅ ፊት መቆም ለከተማው ወሬ መሆን ነው፤ ጥርስም አውጥቷል ብዬ ወደ ሽሮ አሸጋገርኩት። አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ። ክፍሉን ያልወደደ እንግዳ ነው እንዲያ የሚያየው።

ጎረቤታችን እትዬ ሐምዲያ ከወልድያ የመጡ ባለሱቅ ናቸው። ዘንድሮ ረመዳን ከሑዳዴ ጋር ስለገጠመ ከአጥሩ ወዲህም ወዲያም ሁላችን ጾመኛ ነን። ልዩነቱ የእሳቸው ጾም ሲመሽ ይፈታል፤ በተምር፣ በሳምቡሳ፣ በወተት። ስልካቸው አዛን ሲያሰማ ዛጔ ጆሮውን ያቆማል፤ ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ሹልክ! ቀኑን ሙሉ የኔን ሽሮ ሳይነካ ውሎ እዚያ ያፈጥራል።

አንድ ምሽት በቀዳዳው አጮለቅሁ። ጭናቸው ላይ ተጋድሟል።

"ሱልጣኔ" ይሉታል፤ "የኔ ሱልጣን፣ አብሽር፣ ቀስ ብለህ ጠጣ።"

ሱልጣን! እኔ ጭን ላይ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ አያውቅም። ፀደይ ከእኔ በፊት የወደደችው ሰው እንደነበር የነገረችኝ ቀን እንኳ እንዲህ አልተቃጠልኩም።

በማግስቱ መጥረጊያ ይዤ እሳቸው ደጅ አደፈጥኩ። አዛኑ ሲል ብቅ አለ፤ ጀርባውን በመጥረጊያ እየመታሁ ወደ ቤቴ ነዳሁት። ሦስት ቀን እንዲያ አደረግሁ። በአራተኛው ቀን በጣራ ሄደ።

ሁለት ወሩ ሊሞላ ሲል ሰማኸኝ ደወለ።

"የምሥራች! ድመቱን የሚወስድ ሰው ተገኘ፤ ጎረቤትህ እትዬ ሐምዲያ።"

"እኔ ነኝ የምወስደው!"

"እሱማ መብትህ ነው። ግን እሳቸው ቤት ነው የሚበላው አሉ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ የት ቢሆን ይሻለዋል?"

እዚህ ላይ አፌ ቀደመኝ። "ይመቱታል" አልኩ። "በመጥረጊያ። በዓይኔ አይቻለሁ።"

በሁለተኛው ቀን እትዬ ሐምዲያ ድመቱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ደጄ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"እሱባለው፣ ልጄ፣ ድመት ይመታሉ ብለው ከለከሉኝ። ወላሂ እጄን አንስቼበት አላውቅም! አንተ ልትመልሰው ነው ሲሉ ሰምቼ ነው እንጂ፣ መፈለግህን ባውቅ ትንፍሽም አልል። ድመቱ ይቅር፤ ስሜ ግን አይጥፋ። ና ምስክር ሁነኝ። ካንተ በላይ ማን አየኝ?"

እውነታቸውን ነው። በዚያ ቀዳዳ በኩል ስንት ምሽት አይቻቸዋለሁ።

ተከትያቸው ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ ድመቱ ከትከሻቸው ላይ ሆኖ ወደ ኋላ እኔን ያየኛል። እውነቱን ብናገር አጣዋለሁ፤ ዝም ብል የኔ ነው። ዝም ልል ወስኜ ነበር፤ እሳቸው ግን የመጠለያው በር ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "ይኸው ምስክሬን ይዤ መጣሁ" አሉ፣ ኮራ ብለው።

"መጥረጊያው የኔ ነው" አልኩ።

ሰማኸኝ አፈጠጠብኝ። "ምን?"

"የመታሁት እኔ ነኝ። ከእሳቸው ደጅ ልመልሰው ብዬ።"

እትዬ ሐምዲያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ!" አሉ። "ለድመት? ብትነግረኝ ወተቱን በአጥሩ አላቀብልህም ነበር?"

ይሄን በሁለት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም።

ሰማኸኝ ሳያየኝ ቅጹን አወጣ። ባለቤት የሚለው ላይ የእሳቸውን ስም ጻፈ። "የድመቱ ስምስ?"

"ዛጔ በል" አሉ። "ያወጣለት ሰው እዚህ ቆሟል።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በወተት በልጠውኛል፣ በጭንም በልጠውኛል። በደግነትም ልብለጥህ ማለት ግን ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?

የፋሲካ ሰሞን በግላጭ ወተት ልገዛ ሱቃቸው ገባሁ። እሳቸው ጓዳ ናቸው፤ ድመቱ ባንኮኒው ላይ ተንጋሏል። "ዛጔ" አልኩት። ጆሮው አልተነቃነቀም። "ዛጔ!" ጀርባውን ሰጠኝ።

ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። ሰው የለም። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ፣ "ሱልጣን" አልኩት።

ወዲያው ቀና አለ።