ሳሎኑ ተጠቅልሎ የወጣ ዕለት

ለቅርብም ለሩቅም፣ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ይታወቅ፤ በገዳሪፍ ከተማ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ የሚገኘው የሟች ኑዕማን ቤት ሳሎን፣ ዛሬ በለቅሶው ሁለተኛ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተጠቅልሎ በሁለት ሰዎች ትከሻ ወጥቷል። መኝታ ቤቶቹም ተከትለውታል። ማድ ቤቱ ቀላል ስለነበረ ጎረቤቲቱ እትዬ ወርቅውሃ ብቻቸውን በብብታቸው ሸጉጠውት ሄደዋል።

የሟቹ ልጅ ጀማሉ ይህን ያወቀው ከለቅሶው ድንኳን ተነሥቶ ውሃ ሊጠጣ ሲገባ ነው። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ቆርቆሮው አለ፣ ወለሉ አለ፤ ቤቱ ግን የለም። ዱሮ የሰሊጥ መጋዘን የነበረው አዳራሽ ተመልሶ የሰሊጥ መጋዘን ሆኗል። ከዕቃው ሁሉ ከቦታው ያልተነቃነቀው የእናቱ የጠፍር አልጋ ብቻ ነው። እናቱ ኡምሰልማ ጫፉ ላይ ተቀምጣ እርጥቡን ሲሚንቶ ታያለች።

"ስጋጃዎቹስ?" አለ።

"ታዲያ ለቀስተኛው አፈር ላይ ይቀመጥ?" አሉ እትዬ ወርቅውሃ ከደጅ። ከአርማጭሆ ከመጡ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ በሃያው ዓመት ያላነጠፉለት ለቅሶ የለም። "ስጋጃ ሻጭ ሞቶ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ ቢባል ነውሩ ለኔ ነው። ወለሉንም አጥበንላችኋል።"

እውነታቸውን ነው። ለቅሶ ሲሆን የቤት ምንጣፍ ሁሉ ይወጣል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ቤት ምንጣፍ ሲወጣ ክፍል እንደሚወጣ ግን ማን ይንገራቸው?

ኑዕማን ካርቱም ውስጥ ባለ አራት ክፍል ቤት ነበረው። ጦርነቱ ሲመጣ ቤቱን ትቶ ስጋጃዎቹን ጭኖ ገዳሪፍ ገባ። ከተማው በተፈናቃይ ሞልቶ፣ የተገኘው ከዳር እስከ ዳር አንድ የሆነ ይህ መጋዘን ነው። ኡምሰልማ አይታው አለቀሰች። እሱ ጫማውን አውልቆ ሲያነጥፍ ዋለ። ቀዩ ሳሎን፣ አረንጓዴው የባልና የሚስት መኝታ ቤት፣ ቡኒው የጀማሉ፣ ትንሿ ሰማያዊ ማድ ቤት። በመካከል የተረፈችው ባዶ ሲሚንቶ ኮሪደር ተባለች። ሕግም ወጣ፤ ጠርዙ ላይ ጫማ ይወለቃል፣ "አሰላሙ ዐለይኩም" ይባላል፣ "ግባ" ካልተባለ አይገባም።

"አባ፣ እየተያየን እኮ ነው" ይለው ነበር ጀማሉ።

"በግድግዳ አሾልኮ የሚያይ ባለጌ ነው።"

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ጀማሉ ደክሞት ገባና ኮሪደሩን መዞር ሰለቸው፤ ከነጫማው አረንጓዴውን አቋርጦ ወደ ቡኒው ሄደ። አባቱ አልጋው ላይ ነበር።

"ግድግዳዬን አፈረስከው።"

"የትኛውን?" አለ ጀማሉ፣ ሳቀም።

ኑዕማን አልሳቀም። ጀማሉ ልብሱን ጠቅልሎ ስጋጃ ሱቃቸው ውስጥ ማደር ጀመረ። ቀን ቀን አንድ ሱቅ ውስጥ እየሠሩ አይነጋገሩም። ትናንት ረፋዱ ላይ ኑዕማን ለደንበኛ ስጋጃ ሊዘረጋ ተንበረከከና "ጠርዙን ያዝልኝ" አለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው ቃል ነበር። ጀማሉ ያዘለት። አባቱ በግንባሩ ስጋጃው ላይ ሲደፋ እንኳ፣ "ሳብ" እስኪለው እየጠበቀ ጠርዙን ይዞ ቆየ። ጣቶቹ አሁንም እንደተጨበጡ ናቸው።

የሟች እህት ናጂያ ከገላባት ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ ነው የደረሰችው። ጀማሉን ወደ ጥግ ሳበችው።

"እናትህን ይዣት እሄዳለሁ" አለች በሹክሹክታ። "ዒዳዋን፣ የባሏን ሐዘን፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ክፍሏ ውስጥ መቀመጥ አለባት። ይኸ ክፍል ነው? አላፊ አግዳሚው የሚያያት አዳራሽ?"

"ክፍል አላት።"

"የታለ? አሳየኝ።"

ጀማሉ ጣቱን ቀሰረ። ሲሚንቶ ላይ አረፈ።

"ኸላስ፣ በቃ" አለች ናጂያ። "የነገ ማታው መኪና ይበቃናል።"

ኡምሰልማ ከአልጋው ጫፍ ሆና "እኔ እሱ ካስቀመጠኝ ቤት አልወጣም" አለች። እርጥቡን ወለል አይታ፣ "ግን የት ልቀመጥ፣ ጀማሉ?"

ጀማሉ ሱቁን ከፈተ፤ ያልተሸጡትን ስጋጃዎች አሸክሞ ድንኳኑ ደጃፍ ከመረ። ውስጥ ሰዎቹ የፋትሃ ጸሎት ሊያደርሱ መዳፋቸውን ዘርግተዋል።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለ፤ "መኝታ ቤት ላይ ተቀምጣችኋል። በነዚህ ቀይሩልኝ።"

መዳፎቹ አየር ላይ ቀሩ። አንድ ሽማግሌ ወደ ጎን አዘንብለው፣ "ሐዘን ነው፣ ተነሡለት" አሉ።

አራቱን ጥቅሎች መልሶ አስገባ። እዚያ ላይ ቆመ። አረንጓዴውን አልጋው ቢጠቁመውም፣ የሌሎቹን ቦታና ጠርዝ አያውቅም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲስቅባቸው አንድ ቀን እንኳ ልብ ብሎ አላያቸውም። ወለሉም ታጥቧል፤ ምልክት የለም። ቢቸግረው ዓይኑን ጨፈነና የሚያውቀውን ቤት፣ የካርቱሙን፣ በልጅነቱ መብራት ሲጠፋ ያደርግ እንደነበረው በእግሩ ፈለገ። ከበሩ አራት እርምጃ። ወደ ቀኝ። ሦስት። ወደ ግራ። ሁለት፣ ሦስት —

ጉልበቱ ከአልጋው ጠርዝ ጋር ተጋጨ።

ዓይኑን ገለጠ። እናቱ ቀና ብላ እያየችው ነው።

"አባትህ ያን ቀን በእርምጃው ሲለካ ነው የዋለው" አለችው በዝግታ። "ነግሮህ አያውቅም?"

አልነገረውም። ጀማሉ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ያ የሳቀበት ግድግዳ ካርቱምም እዚያው ነበር የቆመው፤ በጡብ።

ከዚያ ለማንጠፍ ዓይን አላስፈለገውም። ቡኒውንም ዘረጋ፤ ሱቅ የነበረውን የልብሱን ጥቅል አምጥቶ አስቀመጠበት።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ናጂያ ሻንጣዋን አንጠልጥላ "ተነሺ ኡምሰልማ፣ መኪናው ደረሰ" እያለች አረንጓዴው ላይ ቆመች።

"ናጂያ" አለች ኡምሰልማ ቀስ ብላ፤ "ሳታንኳኪ ገባሽ።"

ናጂያ እግሯን አየች። ጫማዋን አየች። ወደ ኋላ ተራምዳ ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለባት ስላላወቀች ሳሎን ሄዳ ተቀመጠች። ሻንጣውም አጠገቧ ተቀመጠ።

ጀማሉ በትሪ የእናቱን ሻይ ይዞ ገባ። ከበሩ እስከ አልጋው ቀጥታ ቢሄድ ስምንት እርምጃ ነው። እሱ ኮሪደሩን ዞረ። ጠርዙ ላይ ጫማውን አወለቀ።

"አሰላሙ ዐለይኩም።"

ፊት ለፊት እያየችው ያለችው እናቱ፣ በር እንደተንኳኳባት ሁሉ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ግባ" አለችው።

ናጂያ ከሳሎን ሆና ሁሉንም ታያለች።

"ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ፣ ጀማሉ። ምን ያዞርሃል? ቀጥታ አታልፍም?"

"አላልፍም።"

"ለምን?"

ጀማሉ ትሪውን አስቀመጠ።

"አልናገርም፣ አክስቴ" አለ፤ "አባም አልነገረኝም።"