ቤቱን ይዞ ወደ ባሕር

"ቤንዚን ይሻላል እልሃለሁ! ቢበላሽ የትም ይሠራል" አለ ጎረቤቱ ተማም፣ ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ።

"ጭምብልህን መልስ፤ ለቅሶ ቤት ነው" አለ የሟች ታላቅ ወንድም ሽጉጤ። ራሱ ግን ቀጠለ። "ካራቫን የሚጎትተው ናፍጣ ነው።"

ኤርጎጌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከበረንዳው ትሰማቸዋለች። በወረርሽኙ ሕግ ለቀስተኛው ግቢ ውስጥ ተራርቆ ተቀምጧል። መሀሉ ላይ የሟች ባሏ የብዙነህ ካራቫን ቆሟል፤ ከመኪና ኋላ የሚጎተት ነጭ ቤት። ከበሩ ውጭ ደግሞ እዚህ አገር ባኪ የሚሏቸው ሁለት አሮጌ ፒክአፖች አሉ፤ አንዱ ቤንዚን፣ አንዱ ናፍጣ። ብዙነህ ሳይታመም አንዱን ሊገዛ ደላላውን ቀጥሮት ነበር፤ ደላላው መርዶውን የሰማው በሩ ላይ ደርሶ ነው። ነፍስ ይማር ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ "ከማታ አያልፉም፣ ሌላ ገዢ አለ" አለ።

ብዙነህ ጻካኔ ሰፈር ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ከቤቱ ወጥቶ ማደር አይሆንለትም ነበር። አንዴ ፕሪቶሪያ ለሠርግ ሄደው፣ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ አነጋ። ባሕር እንይ ስትለው "የሰው አልጋ ላይ አልተኛም" ይላታል። በኋላ ቦየር ከሚሏቸው ነጮች አንድ ሽማግሌ ካራቫኑን ሲሸጥ አገኘና እየሳቀ መጣ። "ቤቴን ይዤ ከሄድሁማ ምን ቀረኝ! ባሕር እንሄዳለን።"

"ካራቫኑን ብንሸጠውስ?" አለ ሽጉጤ ዝቅ ብሎ። "ከእንግዲህ ማን ይነዳል?"

"እኔ" አለች ኤርጎጌ።

"እታለም፣ ይሄ እንደ ብዙነህ ያለ ክንድ ይፈልጋል" አለ ተማም።

ሳቅ አመለጣት። ለቀስተኛው ደነገጠ።

"ብዙነህ መሪ ጨብጦ አያውቅም። በኪራይ መኪና ከጀፕ ገበያ ዕቃ ጭኜ ጻካኔ የማደርሰው እኔ ነበርሁ። እናንተ ሚስቱ ስትነዳው እንዳታዩት መታጠፊያው ላይ ወርዶ በእግሩ ይመጣል።"

የሽጉጤ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። "ለዚህ ነው ለካ 'በእግር መሄድ ጤና ነው' እያለ የሚመክረኝ!"

ሳቁ ሲበርድ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ቢሆንም ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም። ነውር ነው።"

"ጋሼ፣ መኪኖቹ ማታ ይሸጣሉ። ወደ ባሕር መውረዱ ለሁሉም ይቀናል፤ ችግሩ ሲመለሱ ያለው ዳገት ነው። ዳገት ላይ ልሞክራቸው።"

ሽጉጤ ካራቫኑን አየ፣ እሷን አየ። "እሺ" አለ ለለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ። "ቤቱ ከኋላዋ እየተጎተተ፣ ከቤት ወጣች የሚላት ማነው?" ብሎ አብሯት ተነሣ።

መጀመሪያ ካራቫኑን ከቤንዚኑ ኋላ ቀጠሉትና አጠገቧ ገባ። የኬንሲንግተን ዳገት መሀል ላይ ሞተሩ ጮኸ፤ ማርሽ ቀነሰች፣ ባሰበት። ናፍጣው አንዴ ጥቁር ጭስ ተፋና እያጉረመረመ፣ ሳይቸኩል ወጣ።

"ይሄ ነው" አለች።

"ነው" አለ ሽጉጤ።

ጫፉ ላይ ሚኒባስ ታክሲ ድንገት ገባባቸው። ፍሬን ስትረግጥ ግራ እጇ ሳታዘው ተዘርግቶ የሽጉጤን ደረት ደገፈ። ብዙነህ ቀበቶ ማሰር አይወድም ነበር።

ሽጉጤ ቀበቶውን አጥብቆ አስሯል። ታክሲው አልፎ ሄደ፤ እጇ ግን እዚያው ቀረ። እስክትመልሰው ድረስ ሳይነቃነቅ ጠበቃት።