ያልተወለወለች ጥግ

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አልማዝ ሞርጃለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ እንከን ጠላት ነው። ነጥብ ካየህ ሞርደህ አጥፋ፣ ጭረት ካየህ ሞርደህ አጥፋ። ታዲያ የገዛ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንከን መሥራት ተማረች ብላችሁ ምን ትሉኛላችሁ?

«ምን አልሽኝ?» አልኳት የነገረችኝ ቀን።

«አልማዝ ውስጥ እንከን እየሠራሁ ነው አባዬ።»

«እኔን ለማናደድ ነው?»

ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ስለሆነ ልቆጣ ብል እንኳ አያስቆጣኝም። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። አልማዝ ማለት የካርቦን አቶሞች በረድፍ በረድፍ የተቀመጡበት አዳራሽ ነው አለች። ከአንዱ ወንበር ካርቦኑን ታስነሳና ናይትሮጅን የሚባል እንግዳ ታስቀምጣለህ። ከእንግዳው ጎን ያለው ወንበር ደግሞ ባዶውን ይቀራል። እንግዳውና ባዶው ወንበር አንድ ላይ የቀለም ማዕከል ይባላሉ። አረንጓዴ ብርሃን ሲያርፍባቸው ቀይ ብርሃን ይመልሳሉ፤ አጠገባቸው ትንሽ ማግኔት ከመጣ ቀዩ ይደክማል ወይ ይበረታል። እሷ በዚያ ቀይ ብርሃን የአንዲት ሴልን ማግኔት መለካት ነው የምትፈልገው። ኳንተም ኳንተም እያሉ የሚያወሩት ለካ ይሄንን ኖሯል።

«ንጹሑ አልማዝስ?»

«ንጹሑ ምንም አይነግረኝም።»

ወይ ጉድ! ለእናቷ ብነግራት፣ «እንከን ያለው ነው ብዙ የሚያወራው? ልክ እንዳንተ ነዋ!» አለችኝ፣ ያቺ ምላሰኛ።

ሥራ ከተውኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ «ሰለቸኝ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትንሽ ናት፣ ግን አልማዝ ትንሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰው ፊት እጄን ኪሴ እከታለሁ፣ ስኒ በሁለት እጄ እይዛለሁ። የድሮ መሣሪያዬን ግን ጓዳ ውስጥ አስቀምጫለሁ። በአልማዝ ዱቄትና በዘይት የተለወሰ የሚሽከረከር የብረት ሰሃን ነው፤ ድንጋዩ በመቆንጠጫ ተይዞ እሱ ላይ ይሞረዳል።

ባለፈው ሳምንት ልጄ አንዲት ድንጋይ ይዛልኝ መጣች። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የምታንስ፣ ስስ፣ አራት ማዕዘን ናት። ጀርባዋ ሻካራ ስለሆነ ብርሃኑን ይበታትንባታል። እነሱ የሚያሠሩበት ቦታ ወረፋው ሦስት ወር ነው፤ ፈታኞቿ ደግሞ የሚመጡት ሰኞ።

«ጀርባዋን ብቻ አባዬ» አለችኝ፤ በስክሪብቶ ምልክት አድርጋበታለች። «ፊቷን እንዳትነካብኝ። የሁለት ዓመት ሥራዬ ፊቷ ላይ ነው። ሌላ የለኝም።»

«እኔን ነው አልማዝ የምታስተምሪው?» አልኳት። ክብሬ ተነካ።

ጀርባዋን መስተዋት አደረግኳት። እዚያ ላይ ብተው ምን ነበረበት! ገለበጥኩና ፊቷን በአጉሊ መነጽር አየሁ፤ መሃሏ ላይ አንዲት ጭረት ተጋድማለች። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። የልጄን ድንጋይ ጭረቷን ይዛ ፈታኝ ፊት ላቀርባት ነው? እንከን የምትለው እንደሆነ ውስጥ ነው፣ እኔ ቆዳዋን ብቻ ገፈፍ ባደርግላት ምን ይጎዳል? አንጀቷን ላርስ ብዬ ድንጋዩን መቆንጠጫ ላይ አሰርኩ። እጄ ሁለቴ አስቸገረኝ፤ ሦስተኛው ላይ ቀጥ ያለ መሰለኝ። አምስት ደቂቃ ብቻ ሰሃኑ ላይ አሳረፍኳት። ጭረቷ ጠፋች። ልጄም መጥታ ግንባሬን ስማ ድንጋዩን ወሰደች። ሰኞ ማታ ልነግራትና ላስደንቃት ነበር ሐሳቤ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተመለሰች። ዐይኗ ደም መስሏል። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«አበላሸኋት» አለች። «ቀይ ብርሃን የለም፤ ጠፍቷል።»

«ምን ሆና?» አለች እናቷ።

«ከአባዬ ከወሰድኳት በኋላ እንዲያጸዳት ብዬ ምድጃ ውስጥ አሞቅኋት። አብዝቼባት ፊቷ ተቃጥሏል መሰለኝ። እነዚያ የቀለም ማዕከሎች ያሉት እኮ እላይ እላዩን ነው። አንድ ፀጉር በቁመቱ አሥር ሺህ ቦታ ቢሰነጠቅ የአንዷን ስንጣሪ ውፍረት ያህል ነው ጥልቀታቸው። የሚለካው ነገር ከላይ ስለሚቀመጥ ቅርብ መሆን አለባቸው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ለመምህሬ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬዋለሁ። ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም እማዬ። ሰኞ ሄጄ እተወዋለሁ።»

ክው አልኩ። የፀጉር አሥር ሺኛ! እኔ በአምስት ደቂቃ የገፈፍኩት የዚያን ስንት እጥፍ ነው? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ምድጃው አለ፣ እሷም በራሷ ፈርዳለች። እንዲህ ያለ ሐሳብ በልቤ አልፏል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ልጅቷ እጇን እያየች ነበር፤ እጇ እንደከዳት ሰው አገላብጣ ታየዋለች። እኔ ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴን እጅ እንደዚያ ሳየው ነው የኖርኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ፊቷን ሞረድኳት። ጭረት ነበረባት።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ሚስቴ።

ልጄ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ ሐኪም ትጠይቀኝ ጀመር።

«ስንት ደቂቃ?»

«አምስት።»

«መላውን?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ!» አልኩ ሽንጤን ገትሬ። «በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ጥግ አምልጦኝ አያውቅም!» አይ የኔ ነገር፣ በዚያ ሰዓት እንኳ መፎከሬን አልተውኩም።

«አባዬ፣ እጅህን አሳየኝ።»

«የምን እጅ?»

«ኪስህ ውስጥ ያለውን። ስኒ በሁለት እጅህ መያዝ ከጀመርክ እኮ ሁለት ዓመትህ ነው።»

ሚስቴን አየኋት። እሷም አንገቷን ደፋች። ለካ እኔ ነኝ እንጂ የተደበቅኩ የመሰለኝ፣ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። አወጣሁትና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ተንቀጠቀጠ። ልጄ መዳፏን ከላዩ አሳረፈች።

«እኔ የለካሁት መሃሏን ብቻ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እጅህ ከተንቀጠቀጠ ድንጋዩን አዘንብለህ አስረኸው ይሆናል። ካዘነበለ ደግሞ የተረፈ ጥግ ሊኖር ይችላል። ተነስ፣ እንሂድ።»

ላቦራቶሪዋ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፣ ጥቁር መጋረጃ ተጋርዶበታል፤ ድንጋዩ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ንቅንቅ እንዳይል እግሮቹ የታመቀ አየር ላይ ነው የቆሙት። ጠረጴዛው እንኳ ከእኔ ይሻላል። አረንጓዴውን ብርሃን ለቀቀችና ስክሪኑን አሳየችኝ። መሃሏ ጥቁር። የመጀመሪያው ጥግ ጥቁር። ሁለተኛውም ጥቁር። ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥ እንዲልልኝ የጸለይኩ ሰውዬ፣ በስተርጅና «አምላኬ፣ ጠማማ አድርግልኝ» እያልኩ ቆምኩ። ሦስተኛው ጥቁር።

አራተኛው ጥግ ላይ ቀይ አየሁ። ፍንትው ያለ ቀይ፣ ጠባብ ሦስት ማዕዘን።

«አለ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ፣ አለ!»

«ይበቃሻል?»

«ይበቃኛል! የፀጉር ውፍረት ቢሆን እንኳ ይበቃኝ ነበር።»

ሳቀች፣ አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ? ስትረጋጋ ማስታወሻዋን ከፍታ እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበች። «የድንጋዩ ፊት በስህተት ተሞርዷል። አንድ ጥግ ተርፏል።»

«ለምን እንደተረፈ አልጻፍሽም» አልኳት።

«ይሄ ይበቃል አባዬ።»

«አይበቃም። ፈታኞችሽ ይጠይቁሻል። የአባቴ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ብለሽ ጻፊ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጻፈችው። እኔም እጄን ወደ ኪሴ አልመለስኩትም።